ከለላ ጋዝ በብየዳ ታሪክ፦ በቤት ወርክሾፕ የሚደረገው ምርጫ መነሻው ምንድን ነው?

መግቢያ

አንድ የብየዳ ሠልጣኝ የሚግ መሣሪያ በፊቱ ሲቀርብለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «ጋዙን በስንት ላድርገው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ «በ12 ሊትር አድርገው» ይባላል። ሠልጣኙም ቁጥሩን በደብተሩ ጽፎ ይይዛል። ቁጥሩ ስሕተት አይደለም። ይሁን እንጂ ሠልጣኙ ትምህርቱን ፈጽሞ በመኖሪያ ግቢው ውስጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ሲያቋቁም፣ የሚያገኘው ሲሊንደር ሌላ ጋዝ የያዘ፣ የሚበይደው ብረት ሌላ ውፍረት ያለው፣ የሚሠራበትም ቦታ ነፋስ የሚገባበት ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ የሸመደደው ቁጥር ብቻውን አያወጣውም። ቁጥሩ ከምን እንደ መጣ የሚያውቅ በያጅ ግን አዲስ ሁኔታ ሲገጥመው የሚነሣበት መሠረት አለው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በሬጉሌተሩ ላይ የሚነበበው ቁጥርና በሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው ስም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የፈጀ የምርምር፣ የዋጋና የጦርነት ታሪክ ውጤቶች መሆናቸውን ማሳየት፣ ከዚያም ታሪኩ በቤት ወርክሾፕ ለሚደረገው ምርጫ ምን እንደሚያስተምር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

1. የችግሩ መነሻ

የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጅ ናይትሮጅን፣ 21 እጅ ያህል ኦክስጅን ነው። ሁለቱም ለቀለጠ ብረት ጠላቶች ናቸው። ኦክስጅን ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ኦክሳይድ ይፈጥራል። ናይትሮጅን ደግሞ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይሟሟል፤ ብረቱ ሲረጋ ከፊሉ በአረፋ መልክ ለመውጣት ሲታገል ቀዳዳ ይተዋል፤ የቀረው ክፍል ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ የብየዳ ጥበብ ብረትን የማቅለጥ ጥበብ ብቻ ሳይሆን፣ የቀለጠውን ብረት ከአየር የመጋረድ ጥበብም ነው። የጥንት አንጥረኞች ሁለት የጋሉ ብረቶችን በመዶሻ ሲያጣብቁ አሸዋ ወይም ቦራክስ የሚነሰንሱት ለዚሁ ዓላማ ነበር።

የኤሌክትሪክ አርክ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በእንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ሙከራዎች ታውቋል። ወደ ብየዳ ሥራ የገባው ግን ቆይቶ ነው። ኒኮላይ ቤናርዶስና ስታኒስላቭ ኦልሼቭስኪ በ1885 በካርቦን ዘንግ የሚሠራውን የአርክ ብየዳ በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በ1888 ኒኮላይ ስላቭያኖቭ በካርቦኑ ምትክ ራሱ እየቀለጠ ወደ መጋጠሚያው የሚገባ የብረት ዘንግ ተጠቀመ። አሜሪካዊው ቻርልስ ኮፊንም በ1890 ለተመሳሳይ ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘ። ሆኖም ዘንጉ እርቃኑን በአየር ውስጥ ስለሚቀልጥ ብየዳው ቀዳዳ የበዛበትና በቀላሉ የሚሰበር ነበር።

ለዚህ ችግር ሁለት ዓይነት መልሶች ተገኝተዋል። የመጀመሪያው የስዊድኑ ኦስካር ኬልበርግ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ያወጣው ልባስ ያለው ኤሌክትሮድ ነው። ልባሱ ሲቃጠል ጋዝና ቅርፊት እየፈጠረ ብረቱን ይሸፍናል። ዛሬም በየሰፈሩ ቱቦላሬና ላሜራ እየቆረጡ በርና መስኮት የሚሠሩ በያጆቻችን በብዛት የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው። ሁለተኛው መልስ ጋዙን ከውጭ አምጥቶ በአርኩ ዙሪያ ማፍሰስ ነው። ኮፊን ይህን ሐሳብ ገና በ1890 አስቦት ነበር። ነገር ግን ከማንኛውም ብረት ጋር የማይዋሐድ ጋዝ በዚያን ጊዜ በሰው እጅ አልነበረም።

2. የ«ሰነፉ» ጋዝ መገኘት

በ1785 ሄንሪ ካቨንዲሽ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ የአየርን ናይትሮጅን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ከኦክስጅን ጋር እያዋሐደ ሊያጠፋው ሲሞክር፣ ከናይትሮጅኑ ከ1/120 የማይበልጥ አንዲት አረፋ አልጠፋ ብላ ቀረች። ካቨንዲሽ ያየውን በጥንቃቄ መዘገበ። ከመቶ ዓመት በላይ ግን ትርጉሙን የተረዳ አልነበረም።

በ1892 ሎርድ ሬይሊ ከአየር የተለየው ናይትሮጅን ከኬሚካል ውሑዶች ከተገኘው ናይትሮጅን ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል የሚከብድ መሆኑን አስታወቀ። ልዩነቱ ጥቂት በመሆኑ ሌላ ሰው የሚዛን ስሕተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ሬይሊ ግን አላለፈውም። ከዊልያም ራምሴይ ጋር በመሆን በ1894 በአየር ውስጥ ያልታወቀ ጋዝ መኖሩን አረጋገጡ። ጋዙ ከምንም ነገር ጋር አልዋሐድ ስላለ «ሰነፍ» የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ቃል «አርጎን» ተባለ። በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ምልክቱ ታይቶ የነበረውን ሂሊየምንም ራምሴይ በ1895 በምድር ላይ አገኘው። በ1904 ሬይሊ በፊዚክስ፣ ራምሴይ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አርጎን ከአየሩ ከመቶ 0.93 እጅ ብቻ ነው። ይኸውም ከ100 ሊትር አየር አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ካርል ፎን ሊንደ በ1895 አየርን በብዛት ወደ ፈሳሽ የሚለውጥበትን ዘዴ ካወጣ በኋላ የአየርን ክፍሎች እየለያዩ ማምረት ተቻለ፤ በ1910ዎቹም አርጎን የኤሌክትሪክ አምፖሎችን ለመሙላት ይውል ጀመር። ቢሆንም ዋጋው ውድ ነበር። ይህ የዋጋ ጉዳይ ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ በሙሉ የሚመራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

3. ከሐሳብ ወደ ሥራ

በ1926 በአሜሪካ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሆባርትና ዴቨርስ በአርጎንና በሂሊየም የተከለለ የአርክ ብየዳ አቅርበዋል። ነገር ግን ጋዙ ውድ፣ ልባስ ያለው ኤሌክትሮድ ደግሞ ርካሽ ስለ ነበር ዘዴው አልተስፋፋም። ሁኔታውን የለወጠው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የአውሮፕላን ሠሪዎች ቀላሉን ማግኒዝየም ሊጠቀሙበት ፈለጉ። ማግኒዝየም ግን በአየር ውስጥ ሲቀልጥ በእሳት የሚያያዝ ብረታ ብረት ነው። በኖርዝሮፕ የአውሮፕላን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ራስል ሜሬዲት በ1941 ከማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ በሚነሣ አርክ ዙሪያ ሂሊየም የሚያፈስ መሣሪያ ሠራ። ሂሊየም የተመረጠው አሜሪካ ከተፈጥሮ ጋዝ ጉድጓዶቿ ልታገኘው ትችል ስለ ነበር ነው። ስለሆነም የጋዝ ምርጫ ከመጀመሪያው ጀምሮ «የትኛው ይሻላል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «የትኛው ይገኛል?» የሚለውንም አጣምሮ የያዘ ነበር።

በ1948 በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የባትል የምርምር ተቋም በተንግስተኑ ምትክ ከጥቅል እየተፈታ ያለማቋረጥ የሚገባ ቀጭን ሽቦ የሚጠቀም ዘዴ አቀረበ። ሚግ የሚባለው ብየዳ ይህ ነው፤ የስያሜው ፍቺም «በማይዋሐድ ጋዝ የተከለለ የብረት አርክ» ማለት ነው። ቮልቱን ሳይለዋወጥ የሚያቆይ የኤሌክትሪክ ምንጭም አብሮ ተሠራ። በዚህ ዓይነት ምንጭ በያጁ እጁን ከሥራው ትንሽ ቢያርቅ አርኩ ይረዝማል፣ አምፔሩ ይቀንሳል፣ የሽቦው መቅለጥ ይዘገያል፤ ስለዚህ አርኩ በራሱ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል። ዛሬ በትንንሾቹ የቤት መሣሪያዎች ላይ የምናያቸው ሁለት ማዞሪያዎች፣ አንዱ ለቮልት ሌላው ለሽቦ ፍጥነት፣ የተወረሱት ከዚህ አሠራር ነው። አምፔሩንም በዋናነት የሚወስነው የሽቦው ፍጥነት ነው።

4. የርካሹ ጋዝ መግባት

አዲሱ ዘዴ ለአሉሚኒየም እጅግ ተስማሚ ሆነ። ዓለም በብዛት የሚበይደው ግን ተራ ብረት ነው፤ ለዚህም የአርጎን ዋጋ አልተቻለም። ከዚህም ሌላ በንጹሕ አርጎን ውስጥ በተራ ብረት ላይ የሚነሣ አርክ ይቅበዘበዛል፤ የብየዳው መስመር ዳርና ዳርም ይቦረቦራል።

በ1953 የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች ሊዩባቭስኪና ኖቮዢሎቭ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ በሚቀልጥ ሽቦ የመበየድን ዘዴ አስታወቁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1750ዎቹ ጀምሮ በጆዜፍ ብላክ ጥናት የታወቀ፣ ከመፍላትና ከኖራ ማቃጠል የሚገኝ ርካሽ ጋዝ ነው። አንባቢ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፍት የሚፈላው ይኸው ጋዝ ነው። ነገር ግን እንደ አርጎን ሰነፍ አይደለም። በአርኩ ሙቀት ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅን ይከፋፈላል። ኦክስጅኑ በብረቱ ውስጥ ካለው ካርቦን ጋር ሲገናኝ አረፋ ይፈጥራል፤ ብየዳውም ወንፊት ይመስላል።

ታዲያ ጠላትን ከለላ ማድረግ እንዴት ተቻለ? መልሱ የተገኘው በጋዙ ሳይሆን በሽቦው ነው። በሽቦው ውስጥ ማንጋኒዝና ሲሊከን ተጨመሩበት። እነዚህ ከኦክስጅን ጋር ለመዋሐድ ከብረቱ ይልቅ ይቀድማሉ። ዛሬ ለተራ ብረት በብዛት የሚሸጠው ሽቦ ከመቶ ከ1.4 እስከ 1.85 እጅ ማንጋኒዝ፣ ከ0.8 እስከ 1.15 እጅ ሲሊከን ይይዛል። በተጠናቀቀ ብየዳ ላይ እዚህም እዚያም የሚታዩት መስታወት የሚመስሉ ቡናማ ነጠብጣቦች የዚህ ሥራ ቅሪቶች ናቸው። ስለሆነም መምህሩ ሠልጣኙን እንዲያስጨብጠው የሚገባው ዋና ነገር ጋዝና ሽቦ ተጣምረው እንጂ ለየብቻ የማይመረጡ መሆናቸውን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ፍንጥቅጣቂ ነበር። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ብረቱ በትልልቅ ጠብታ እየወደቀ ይረጫል። በ1958 እና በ1959 ቀጭን ሽቦና ዝቅተኛ ቮልት በመጠቀም የሽቦው ጫፍ በሴኮንድ ከ20 እስከ 200 ጊዜ የቀለጠውን ብረት እየነካ የሚበይድበት ዘዴ ወጣ። ይህ ዘዴ ሙቀቱ አነስተኛ ስለሆነ ስስ ላሜራን ሳይበሳ ለመበየድ አስቻለ። የሚግ ብየዳ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ወጥቶ ወደ መኪና ጥገና ቤትና ወደ መኖሪያ ግቢ ሊገባ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው ለማለት ይቻላል። የተንግስተንና የባትል ታሪክ ለፋብሪካው፣ የርካሽ ጋዝና የቀጭን ሽቦ ታሪክ ደግሞ ለቤት ወርክሾፕ አባት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻም በውስጡ ፍለክስ የያዘና ያለ ጋዝ የሚበይድ ሽቦ ለገበያ ቀረበ።

5. ስምና እውነት

ከዚህ ታሪክ አንድ የስያሜ ችግር ተወልዷል። ሚግ የሚለው ስም «የማይዋሐድ ጋዝ» የሚል ፍቺ ሲይዝ፣ በተራ ብረት ላይ የምንጠቀምበት ጋዝ ግን የሚዋሐድ ነው። በአውሮፓ ይህን ለመለየት ሁለተኛው ዓይነት «ማግ» ይባላል። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ደረጃ ቁጥር 14175 መሠረት ንጹሕ አርጎን «አይ 1»፣ ከመቶ ከ15 እስከ 25 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት የአርጎን ድብልቅ «ኤም 21»፣ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ «ሲ 1» ይባላሉ።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ስሙን አምኖ ለተራ ብረት ንጹሕ አርጎን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ደካማ ብየዳ ያገኛል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወይም ድብልቁን ለአሉሚኒየም የሚጠቀም ደግሞ ጥቁር ጥላሸት የለበሰ የማይረባ መጋጠሚያ ያገኛል። ስለዚህ ሠልጣኙ ከመሣሪያው ስም ይልቅ በሲሊንደሩ ላይ ያለውን ምልክት እንዲያነብ መልመድ አለበት።

6. በቤት ወርክሾፕ የሚደረገው ምርጫ

ሀ. የጋዙ ዓይነት። ለተራ ብረት ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ርካሽ ነው፤ በጥልቀትም ይዘልቃል፤ ነገር ግን ፍንጥቅጣቂው ይበዛል። ከ75 እስከ 80 እጅ አርጎን ያለው ድብልቅ አርኩን ያረጋጋል፤ በስስ ላሜራና በቱቦላሬ ላይም የተስተካከለ መስመር ይሰጣል። ለአሉሚኒየም ንጹሕ አርጎን ብቻ ያስፈልጋል። ለማይዝግ ብረት ደግሞ 2 እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አርጎን ይመረጣል።

ለ. የፍሰቱ መጠን። ለቀጭን ሽቦ ነፋስ በሌለበት ቤት ከ10 እስከ 15 ሊትር በደቂቃ ይበቃል። ጥሩ መነሻ የሚሆነው ደንብ የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር ለክቶ ያንኑ ቁጥር በሊትር መውሰድ ነው፤ 12 ሚሊ ሜትር ለሆነ አፈሙዝ 12 ሊትር ማለት ነው። በመግቢያው የጠቀስነው ቁጥር ምሥጢሩ ይህ ነው። «ብዙ ጋዝ ብዙ ይከልላል» የሚለው እምነት ግን ትክክል አይደለም። ፍሰቱ ከመጠን ሲያልፍ ጋዙ ይታወካል፤ አየርንም ወደ ውስጥ ይስባል፤ ብየዳውም በጋዝ እጥረት ጊዜ እንደሚሆነው ሁሉ ቀዳዳ ይሞላበታል። አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብዱ በሥራው ላይ ተኝተው ይሸፍናሉ። ሂሊየም ቀላል በመሆኑ ወደ ላይ ስለሚሸሽ የላቀ ፍሰት ይጠይቃል።

ሐ. ነፋስ። በሴኮንድ 2 ሜትር ያህል የሚነፍስ ነፋስ ከለላውን ለመበተን ይበቃል። በግቢ ውስጥ በግልጽ ቦታ ለሚሠራ ሰው መፍትሔው ሬጉሌተሩን መክፈት ሳይሆን በነፋሱ አቅጣጫ ላሜራ ወይም ሸራ መጋረድ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ፍለክስ ያለበት ሽቦ ወይም የተለመደው ኤሌክትሮድ ይሻላል።

መ. ቮልት። በ0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ 2 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብረት በድብልቅ ጋዝ ከ17 እስከ 18 ቮልት መነሻ ሊሆን ይችላል። ጋዙ ወደ ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ ቮልቱን ከ1 እስከ 2 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ጋዙን ለውጦ ማዞሪያውን ሳይነካ የሚቀጥል ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሊያስብ ይችላል።

ሠ. ወጪ። 10 ሊትር የሚይዝ በ150 ባር የተሞላ የአርጎን ወይም የድብልቅ ሲሊንደር 1,500 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። በደቂቃ 12 ሊትር ቢፈስ 125 ደቂቃ ይሠራል። 10 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 5,400 ሊትር ያህል ስለሚሆን በዚያው ፍሰት 450 ደቂቃ ይሠራል። ልዩነቱ የመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ስለሚቀመጥ ነው። በዚህም ምክንያት ጌጁ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ገደማ እያሳየ ይቆይና ፈሳሹ ሲያልቅ በድንገት ይወርዳል። የቀረውን መጠን ለማወቅ ጌጁን ማየት ሳይሆን ሲሊንደሩን መመዘን ይገባል።

7. ስለ ደኅንነት

ከለላ ጋዝ የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚጋርድበት ጠባይ በያጁንም ከአየር ሊጋርደው ይችላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ርዝመቱና ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በሩና መስኮቱ ተዘግቶ በደቂቃ 12 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለአንድ ሰዓት ቢፈስ 720 ሊትር፣ ማለትም ከክፍሉ አየር ከመቶ 3 እጅ በላይ ይሆናል። ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የሚፈቀደው መጠን ግማሽ እጅ፣ ለአጭር ጊዜ የሚፈቀደው 3 እጅ መሆኑን ስናስብ አደጋው ግልጽ ነው። በእርግጥ በያጅ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ አይበይድም። የሚያፈስ ጎማ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ያፈሳል። ጋዙ ከባድ በመሆኑ በመኪና መጠገኛ ጉድጓድና በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል። አርጎንም ሽታ ስለሌለው ሰው ሳይነቃ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ መዘጋት ያለበት ሬጉሌተሩ ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩ ራስ ጭምር ነው። በክሎሪን ውሑድ ቅባት ማጽጃ የታጠበ ብረትም ፈጽሞ ሳይደርቅ መበየድ የለበትም፤ የአርኩ ብርሃን ትነቱን ወደ ፎስጂን፣ ማለትም ወደ መርዘኛ ጋዝ ሊለውጠው ይችላልና።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው በአንድ ሲሊንደር ውስጥ የካቨንዲሽ ያልጠፋች አረፋ፣ የሬይሊ ትዕግሥተኛ ሚዛን፣ የማግኒዝየም አውሮፕላንና የርካሽ ጋዝ ፍለጋ ተሰባስበው ይገኛሉ። ይህን ማስተማር ከተግባር ልምምድ ጊዜ መስረቅ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ስለዚህ የብየዳ ትምህርት መርሐ ግብር ሲዘጋጅ ሦስት ነገሮች ቢታሰቡ መልካም ነው። አንደኛ፣ ከቁጥሩ በፊት አየር በቀለጠ ብረት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይቅደም። ሁለተኛ፣ ጋዝና ሽቦ በአንድ ምዕራፍ ተጣምረው ይቅረቡ። ሦስተኛ፣ የደኅንነት ትምህርት በመጨረሻ ገጽ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የጋዙ ጠባይ አንድ ክፍል ሆኖ ይሰጥ።

ለዚህም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ሠልጣኞች ሦስት ቁራጭ ላሜራ በአንድ ሽቦና በአንድ ቮልት ይበይዱ። የመጀመሪያውን በ12 ሊትር ፍሰት፣ ሁለተኛውን ጋዙን ዘግተው፣ ሦስተኛውን ጋዙ ተከፍቶ ሳለ ከጎን ማራገቢያ እየነፈሰበት። ከዚያ ሦስቱንም ቆርጠው፣ በሞረድ አስተካክለው፣ ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቱ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለምን እንደሚመሳሰሉ በራሱ አንደበት ማስረዳት የቻለ ሠልጣኝ ቁጥሩን ቢረሳው እንኳ መልሶ ያገኘዋል።